በመጠነኛ ደመወዝ፣ ሥራ ሳይፈቱ፣ ቶሎ ቶሎ መጓዝ፦ ከድሬዳዋ ጥያቄና መልስ

ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ የጅምላ ንግድ መጋዘን በሒሳብ ሠራተኝነት ከተቀጠርሁ ዘጠኝ ዓመት ሆኖኛል። የሥራ ሳምንቴ ከሰኞ ጠዋት እስከ ቅዳሜ እኩለ ቀን ሲሆን፣ ደመወዜም ከባልደረቦቼ የሚለይ አይደለም። ይሁን እንጂ በወር አንድ ጊዜ ያህል ከከተማ ስለምወጣ፣ በእቁባችን ቀን «ገንዘቡንም ቀኑንም ከየት ያመጣዋል?» የሚለው ጥያቄ መነሣቱ አልቀረም። በመጨረሻም ዳኛው «የሚጠይቅ ይጠይቅ፣ አንተም ጽፈህ መልስ» ብለው ስለወሰኑ፣ የቀረቡልኝን ጥያቄዎች ከዚህ በታች እመልሳለሁ። በቃል ስንነጋገር እንደ ድሬ ልማድ አንተ አንቺ የምንባባል ብንሆንም፣ በጽሑፍ ሲሆን በአንቱታ ብመልስ ቅር እንደማትሰኙ ተስፋ አደርጋለሁ።

ጥያቄ፦ የቤት ኪራይና አስቤዛ ከተከፈለ በኋላ የሚተርፈኝ ለታክሲ እንኳ አይበቃም። አንተ ከምን አትርፈህ ነው የምትጓዘው?

መልስ፦ ከትርፍ አልጓዝም፤ እንደ እርስዎ ሁሉ የሚተርፈኝ የለምና። ረጅሙን ጉዞ የሚሸፍንልኝ ለዚሁ ጉዳይ ብቻ ብዬ የገባሁበት ሁለተኛ እቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 1,000 ብር እንጥላለን፤ በዓመት አንድ ጊዜ 12,000 ብር እጄ ይገባል። ዕጣው በማይመቸኝ ወር ሲወጣልኝ፣ ከሌላ አባል ጋር በዳኛው ፊት እለዋወጣለሁ። ይህ ገንዘብ ከደመወዜ ጋር ቢቀላቀል ኖሮ ከሁለት ሳምንት በላይ እንደማይቆይ ከራሴ ልምድ ስለማውቅ፣ የተለየ የባንክ ሒሳብ ከፍቼለታለሁ፤ የሒሳቡንም ደብተር እናቴ ዘንድ አስቀምጫለሁ።

አጫጭሮቹን ጉዞዎች የሸፈነልኝ ግን ሌላ ነገር ነው፤ ይህን ስጽፍ የሚያኮርፉኝ ወዳጆች እንዳሉም አውቃለሁ። ከአምስት ዓመት በፊት በሥራ ቀናት በርጫ መቀመጥ ተውሁ። ጫቱን ብቻ የሚቆጥር ሰው የወጪውን ግማሽ ይረሳል፤ ለስላሳው፣ ኦቾሎኒው፣ ሲጋራው፣ ማታ «ለመስበሪያ» የሚባለውም ሁሉ ተደምሮ መታየት አለበት። አንድ ወር ሙሉ በሥራ ማስታወሻዬ ጀርባ ላይ ጽፌ ስደምረው ሐረር ሁለት ጊዜ ደርሶ የሚመልስ ገንዘብ ሆኖ አገኘሁት። የቅዳሜውን በርጫ አልተውሁም፤ ሰው ነኝ።

ጥያቄ፦ የእኔ አለቃ አንድ ቀን ፈቃድ ሲፈርም እጁ ይንቀጠቀጣል። አንተ ይህን ሁሉ ቀን እንዴት አገኘህ?

መልስ፦ ብዙዎቻችን ከገንዘብ ይልቅ የሚያጥረን ቀን ስለሆነ ይህን ዘርዘር አድርጌ ልመልስ። በግል ድርጅት የምንሠራ ሰዎች የምንተዳደርበት የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011፣ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀናት የዓመት ፈቃድ ይሰጣል፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ የሥራ ቀን ይጨመራል። በዚህ ስሌት እኔ ዛሬ 20 ቀን አለኝ። የመንግሥት ሠራተኞች የሚተዳደሩት በሌላ አዋጅ ስለሆነ የሰው ሀብት ክፍላቸውን መጠየቅ ይኖርባቸዋል። ፈቃዱ የሚቆጠረው በሥራ ቀን በመሆኑ እሑድና የሕዝብ በዓል አይነኩትም፤ ቅዳሜ በሚሠራበት ቤት ግን ቅዳሜም ይቆጠራል። ሠራተኛው ሲጠይቅና አሠሪው ሲስማማ ፈቃዱ በሁለት ተከፍሎ ሊወሰድ ይችላል፤ ከዚያ በላይ መቆራረጥ ግን ከአለቃ ጋር በመግባባት የሚገኝ ነው።

መግባባቱ የሚመጣው በልመና ሳይሆን በጊዜ አመራረጥ ነው። የእኔ ሥራ ሒሳብ ስለሆነ የበጀት ዓመቱ በሚዘጋበት በሰኔና በሐምሌ አንድም ቀን ጠይቄ አላውቅም። በመስከረም መጀመሪያ ግን የዓመቱን ዝርዝር ጽፌ አስገባለሁ፤ አለቃዬም ድንገት ከሚመጣበት «አሞኛል» ይልቅ ስድስት ወር ቀድሞ የታወቀ ፈቃድ እንደሚሻለው ከገባው ቆይቷል። ከዚህም ሌላ፣ የአረፋ ማግስት የሙስሊም ባልደረባዬን ሥራ እኔ እሸፍናለሁ፤ የፋሲካ ማግስት ደግሞ እርሱ የእኔን ይሸፍናል። በዚህ ከተማ እንዲህ ያለውን ስምምነት ለማግኘት ብዙ መድከም አያስፈልግም።

የቀን መቁጠሪያውንም በጥንቃቄ ይመልከቱ። የሠራተኞች ቀን ሚያዝያ 23፣ የአርበኞች ቀን ሚያዝያ 27 ሲውሉ በመካከላቸው ያሉት ሦስት ቀናት ብቻ ናቸው። በ2018 ዓ.ም. የመጀመሪያው አርብ፣ ሁለተኛው ማክሰኞ ስለሚውል፣ ቅዳሜንና ሰኞን ብቻ ፈቃድ የወሰደ ሰው አምስት ተከታታይ ቀናት ያገኛል።

ጥያቄ፦ ባሕር ዳር ወይም አርባ ምንጭ ካልደረስሁ የተጓዝሁ አይመስለኝም። ሐረርማ ለለቅሶም ለሠርግም እሄዳለሁ፤ ይህ ጉዞ ይባላል?

መልስ፦ ለለቅሶ የሄደ ሰው ሐረርን አላያትም፤ ድንኳኑን ነው ያየው። እስኪ አንድ ቅዳሜ ያለ ምንም ጉዳይ ይሂዱ። መንገዱ 55 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ድሬ ላይ «መስኮቱን ክፈተው እንጂ!» ሲል የነበረ ተሳፋሪ፣ ሚኒባሱ የደንገጎን ዳገት ወጥቶ ሲያበቃ «ዝጋው፣ በረደኝ» ይላል። ሐረማያንና አወዳይን አልፈው ሲደርሱ፣ በ1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት የተመዘገበውን፣ በግንብ የታጠረውን አሮጌውን ከተማ ጀጎልን በሸዋ በር ገብተው በእግር ይዙሩት። መኪና ጊርጊር በሚባለው መተላለፊያ ልብስ ሰፊዎቹ በግራና በቀኝ ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ሲያሽከረክሩ፣ ድምፁ ራሱ ለመንገዱ ስም እንዳወጣለት ይሰማሉ። እኔ አንድ ጊዜ የተቀደደ የሱሪ ኪስ አሰፍቼ፣ እስኪያልቅ በበርጩማ ተቀምጬ መንገደኛውን ስመለከት የዋልሁበት ከሰዓት፣ አውሮፕላን ተሳፍሬ ከሄድሁባቸው ቀናት ይበልጥ ትዝ ይለኛል። ሲመሽ የጅብ ምገባውን ማየት ይቻላል። አዳር ካሰቡ በጀጎል ውስጥ እንግዳ የሚያሳርፉ የሐረሪ ባህላዊ ቤቶች አሉ።

ከኢድ አልፈጥር ሳምንት በኋላ የሚከበረው የሐረሪዎች በዓል ሸዋሊድ በ2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰስ ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያ ሰሞን አልጋ ስለሚጠፋ፣ እኔ አመሻሹን አይቼ ጎህ ሲቀድ የምመለስበት ጊዜ ይበዛል። ወደ ጅግጅጋ በሚወስደው መንገድ ባቢሌን አለፍ ሲሉ፣ የዳከታ ሸለቆ ድንጋዮች አንዱ በሌላው ላይ ሊወድቅ የተቃረበ መስለው ቆመዋል። ለዚያም አንድ እሑድ ይበቃል፤ ከመነሣትዎ በፊት ግን የመንገዱን ሁኔታ በዕለቱ ከዚያ የመጣ ሹፌር ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አዲስ አበባ ስሄድ በአውቶቡስ ይሻለኛል ወይስ በባቡር?

መልስ፦ ዋጋውን ከቤት በር እስከ ቤት በር ይደምሩት። በ2010 ዓ.ም. መደበኛ አገልግሎት የጀመረው ባቡር ምቹ ነው፤ የትኛው ቀን እንደሚነሣ ግን አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። ጣቢያውም እንደ ድሮው ለገሃር በከተማው መካከል ሳይሆን ወጣ ብሎ የተሠራ በመሆኑ፣ በዚህ በኩል የባጃጅ፣ እዚያም በከተማው ጠርዝ ከሚገኘው ፉሪ ለቡ ጣቢያ የታክሲ ወጪ ይጨመርበታል። አውቶቡስ ጎህ ሳይቀድ ስለሚነሣ ቲኬቱን ከዋዜማው በራስዎ ይቁረጡ፤ መናኸሪያ በር ላይ በደላላ የሚገዛ ወንበር ከታሪፉ በላይ ያስከፍላል። እኔ በቀን የሚሄደውን እመርጣለሁ፤ የጨርጨርን ተራሮች ከጭሮ እስከ ሒርና ተኝቶ ማለፍ ያስቆጨኛል።

ጥያቄ፦ እሄዳለሁ ስል ሁሉም «ይህቺን ዕቃ አድርስልኝ» ይለኛል። ምን ልበል?

መልስ፦ «አልችልም» ይበሉ፤ እኔ ይህን የተማርሁት በዋጋ ነው። አንድ የማውቀው ሰው «የልጅ ልብስ ናት» ያለኝን የታሰረች ማዳበሪያ ሳልፈታ ተቀብዬ ተሳፈርሁ። ኬላ ላይ ስትፈታ ከሁለት ቀሚሶች ሥር በርከት ያለ አዲስ ስልክ ተገኘ። አውቶቡሱ ትቶኝ ሄደ፤ ዕቃው ተወረሰ፤ እኔም የዕቃው ባለቤት አለመሆኔን ሳስረዳ ከአራት ሰዓት በላይ ቆየሁ። ድሬ ካለው ታይዋን ከሚባለው ገበያ ለራስዎ አንድ ብርድ ልብስ መግዛትና የሰው ሸቀጥ መጫን በፈታሽ ዓይን የተለያዩ ናቸው፤ የሚጭነው ሌላ ቢሆንም፣ ሁልጊዜ የሚከፍለው ግን ተሳፋሪው ነው። ከዚያ ወዲህ አንድ ትንሽ የጀርባ ቦርሳ ብቻ ስለምይዝ፣ «የት ልጨምርልህ?» ብሎ የሚደፍር የለም።

ጥያቄ፦ ዘመድ ቤት ማደር ወጪ ይቀንሳል፤ ነገር ግን አያሳፍርም?

መልስ፦ ድንገት መምጣትና ሦስት ሌሊት ማለፍ ያሳፍራል። ቀድመው ይደውሉ፤ ባዶ እጅዎን አይግቡ። የሐረር ቡና አንድ ኪሎ ይዞ የገባ እንግዳ ከፍቶት የሄደውን በር ተዘግቶ አያገኘውም። እነርሱም ድሬ ሲመጡ ሶፋዬን ለቅቄ ስለማሳድራቸው፣ ነገሩ ከልመና ይልቅ የተራ ጉዳይ ሆኗል።

ጥያቄ፦ በቁልቢ ገብርኤል ሰሞን መንገድ መውጣት ይመከራል?

መልስ፦ ለንግሥ ከሆነ ጉዳዩ የእምነት ነው፤ እርሱ በወጪ አይመዘንም። ለመዝናናት ከሆነ ግን በታኅሣሥ 19 እና በሐምሌ 19 ዙሪያ ያሉትን ቀናት እኔ እቤቴ አሳልፋለሁ፤ አልጋውም ትራንስፖርቱም ይወደዳል።

ጥያቄ፦ እሑድ ማታ ደክሞህ ገብተህ ሰኞ እንዴት ትሠራለህ?

መልስ፦ እሑድ ማታ አልገባም። የመጨረሻውን ሚኒባስ ጠብቄ ሁለት ጊዜ አመለጠኝና፣ አንዱን ሌሊት አወዳይ በአንድ ሻይ ቤት አግዳሚ ላይ አሳለፍሁ፤ ሰኞ የጻፍሁትን ደረሰኝ ሁሉ ማክሰኞ እንደገና መጻፍ ግድ ሆነብኝ። አሁን በየትኛውም ጉዞ እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የመመለሻ መኪና ውስጥ እገኛለሁ። ሸሚዜ ቅዳሜ ከመውጣቴ በፊት ተተኩሶ ተሰቅሏል፤ ለሰኞ ቁርስም ፉሉ ከሰፈራችን ስለማይጠፋ አልጨነቅም።