ሁለት ኮረንቲ ለአንድ ካሜራ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። ሐዋሳ ውስጥ ካሜራ እየገጠምኩ ነው የምተዳደረው። አንድ ሱቅ ላይ 4 ካሜራ ሰቅያለሁ። ሦስቱ ኮረንቲ የሚያገኙት ካሜራዎቹ ከሚገናኙበት የኔትወርክ ሳጥን፣ ከስዊቹ፣ በዚያው በኔትወርክ ኬብል ነው (ፒኦኢ የሚባለው)፤ ግን የ12 ቮልት አዳፕተር መሰኪያም አላቸው። ባለሱቁ መብራት ሲሄድ እንዳይጠፉ ሁለቱንም ሰካልኝ ይለኛል። ይቃጠሉ ይሆን? አራተኛው አሮጌ ነው፣ 12 ቮልት ብቻ ነው የሚቀበለው፣ በስፕሊተር፣ ማለትም ከፒኦኢ ኬብሉ 12 ቮልት ለይቶ በሚያወጣ ዕቃ ነው ያስነሳሁት። የስፕሊተሩንና የአዳፕተሩን ሽቦ አጣምሬ ብሰጠውስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከአሮጌው ልጀምር፣ አደጋው እሱ ጋ ነው። ሽቦዎቹን እንዲሁ እንዳታጣምር። እኔ አንድ ጊዜ አድርጌዋለሁ። ካሜራው ቆንጆ ሠራ፣ ደስ አለኝ። ከዚያ አዳፕተሩን ከግድግዳው ነቅዬ በእጄ ይዤው ሳለ፣ ላዩ ላይ ያለችው አረንጓዴ መብራት አልጠፋችም። ሶኬት ላይ ያልተሰካ አዳፕተር በርቶ! ስፕሊተሩ ኮረንቲውን ወደ ካሜራው ብቻ ሳይሆን በመውጫው በኩል ወደ አዳፕተሩ ሆድም እየላከ ነበር ማለት ነው። ሁለት ምንጭ በቀጥታ ስታገናኝ ቮልቱ በትንሹም ቢሆን ከፍ ያለው ሸክሙን ይወስዳል፣ ሌላውንም ወደ ኋላ ይገፋዋል። አንዱ ቢበላሽ ደግሞ ሌላውን ይዞት ይሄዳል።

መፍትሔው ዳዮድ ነው። ኮረንቲን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፍ በር በለው። በእያንዳንዱ ምንጭ የፖዘቲቭ ሽቦ ላይ አንድ አንድ ታስገባለህ፣ መስመር ያለበት ጫፍ ወደ ካሜራው ይዞራል፣ ኔጋቲቮቹ ይገናኛሉ። እዚህ ላይ የምወዳት ዘዴ አለች። በስፕሊተሩ በኩል ሾትኪ ዳዮድ፣ ለምሳሌ ኤስኤስ34 አድርግ፤ በአዳፕተሩ በኩል ተራውን 1ኤን4007። ሾትኪው ወደ 0.4 ቮልት ብቻ ሲበላ ተራው ወደ 0.8 ይበላል። ስለዚህ ሁለቱም እኩል 12 ቢሰጡ ካሜራውን የሚመግበው ስፕሊተሩ ነው፣ አዳፕተሩ ተጠባባቂ ይሆናል። መጀመሪያ ግን ሁለቱንም በመልቲሜትር ለካ፤ አዳፕተሩ ከስፕሊተሩ ግማሽ ቮልት ከበለጠ ዘዴዋ አትሠራም። ማገናኘት ያለብህም ከስፕሊተሩ በኋላ፣ 12 ቮልቱ ላይ ነው። ኬብሉ ውስጥ ያለው 48 ቮልት አካባቢ ስለሆነ ወደዚያ አዳፕተር እንዳታስጠጋ።

ለምን ፒኦኢው ይቅደም አልኩ? ስዊች እንደ አዳፕተር ዝም ብሎ ኮረንቲ አይሰጥም። በ2003 በወጣው የ802.3ኤኤፍ ደንብ መሠረት መጀመሪያ በትንሽ ቮልት ይጠይቃል፤ ከወዲያኛው ጫፍ 25 ኪሎ ኦም ያህል ካገኘ ነው ሙሉውን የሚለቀው። ከለቀቀ በኋላም ይከታተላል። ዕቃው ቢያንስ 10 ሚሊአምፒር አካባቢ መሳቡን ካቆመ ኬብሉ ተነቅሏል ብሎ ይዘጋዋል። እና አዳፕተሩ ቀድሞ ካሜራውን እየመገበ ስዊቹ ሥራ ከፈታ፣ አዳፕተሩ በጠፋባት ቅጽበት ከስዊቹ የሚመጣ ነገር የለም። እንደገና ጠይቆ እስኪለቅ ካሜራው ጠፍቶ ይነሳል። የምትፈልጋት ደቂቃ የምታመልጠው ያኔ ነው።

ሁለት መሰኪያ ያላቸው ሦስቱ፣ መመሪያቸው ካልከለከለ፣ አይቃጠሉም። ግን ውስጣቸው ማንን እንደሚያስቀድም ከውጭ አይታይም፣ ስለዚህ ፈትሽ። ሁለቱንም ሰክተህ ስልክህ ላይ ምስሉን እያየህ አዳፕተሩን ንቀል። ምስሉ ከቀጠለ ጥሩ። ጠፍቶ ከተነሳ ደግሞ ሁለተኛው ምንጭ መጠባበቂያ ሆነ ማለት አይደለም። አንድ ነገር ተጠንቀቅ፤ ሳይጠይቁ 24 ቮልት የሚለቁ ኢንጀክተሮች (ኔትወርክ ኬብል ላይ ኮረንቲ የሚጨምሩ ዕቃዎች) ገበያ ላይ አሉ፣ እነሱን ደንቡን ከሚከተለው ፒኦኢ ጋር አትቀላቅል።

አሁን ስለ ባለሱቁ። አዳፕተሩም ስዊቹም ከአንድ ቆጣሪ ነው የሚበሉት። መብራት ሲሄድ አብረው ይሄዳሉ፣ ሁለት መሰካቱ ምንም አልጠቀመም። ወጪውን ዩፒኤስ ላይ፣ መብራት ሲሄድ በባትሪ ኮረንቲ በሚሰጠው ዕቃ ላይ፣ እንዲያውል ንገረው። ስዊቹን ዩፒኤስ ላይ ስታደርግ አራቱም ካሜራ በአንድ ባትሪ ይቆያሉ። እያንዳንዳቸው 6 ዋት ቢበሉ 24 ነው፣ ከስዊቹ ጋር 30 በለው። 12 ቮልት 7 አምፒር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል፤ የሚባክነውን ቀንሰህ፣ ባትሪው አዲስ ከሆነ፣ ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ታገኛለህ። መቅጃውንም እዚያው ስካው፣ አለዚያ ካሜራው በርቶ የሚቀዳ አይኖርም። መቅጃው ሃርድ ዲስክ ስላለው ጊዜውን ያሳጥረዋል፣ ይህን ለባለሱቁ ቀድመህ ንገረው።

እንዲህ ካደረግክ አዳፕተር የሚያስፈልገው ስዊቹ ራሱ ቢበላሽ ብቻ ነው። ያኔም ካሜራው ሜሞሪ ካርድ ከሌለው መብራቱ በከንቱ ነው፣ ምስሉ የሚሄድበት መንገድ የለውም።

የአሮጌውን ዳዮዶች ከገጠምክ በኋላ ስፕሊተሩ እየሠራ አዳፕተሩን ከግድግዳው ንቀልና መብራቷን ተመልከት። ጥቂት ሰከንድ ቆይታ ከጠፋች በትክክል ገጥመሃል። በርታ ካለች የአዳፕተሩ ዳዮድ ወይ ተገልብጧል ወይ ተበላሽቷል፣ ፈትተህ እየው።