ለህመምና ለእብጠት የሚጠጣ ሥር ላብራቶሪ ሲገባ፦ ጠይቁኝ

ሰላም ለሁላችሁ። ከጥቁር አንበሳ ብዙ የማይርቅ ላብራቶሪ ውስጥ የምሰራ የፋርማኮሎጂ ሰው ነኝ (መድኃኒት ሰውነት ላይ እንዴት እንደሚሰራ የሚያጠና)፣ ሐኪም አይደለሁም፣ ይሄን መጀመሪያ ያዙልኝ። ሰው ለቁርጥማትና ለወገብ የሚጠጣው አንድ ሥር አለ፣ እሱን በአይጥ እየሞከርን ነው። ዛሬ መብራት ሄዶ ሥራ ቆመ፣ ቸርችል ጎዳና ዳር ካፌ ቁጭ ብያለሁ፣ ባትሪዬ እስኪያልቅ የቻልኩትን እመልሳለሁ። አንድ ማስጠንቀቂያ፦ እኛ የምንሞክረው ኤክስትራክት፣ ማለትም ከሥሩ በኬሚካል ተዘፍዝፎ የወጣው፣ እናንተ ቤት ከምትቀቅሉት ጋር አንድ አይደለም። ደጋግሜ ስለምለው ከወዲሁ ይቅርታ።

የቄራዋ፦ እናቴን ጉልበቷን ቁርጥማት ይዟት ደረጃ መውጣት አቅቷታል። የቱን ቅጠል ልስጣት?

መልስ፦ ቅጠል አላዝም። ሐኪም ጋ ውሰጃት። ቀጣይ።

ፍሬሹ፦ ፋርማሲ 4ኛ ዓመት ነኝ። አይጧ ህመሟ መቀነሱ በምን ይታወቃል? አፍ የላት አትናገር።

መልስ፦ ይኸው ጥያቄ ማለት! በጣም የተለመደው አሴቲክ አሲድ ነው፣ ያው ኮምጣጤ ውስጥ ያለው፣ 0.6% አድርገህ ሆዷ ውስጥ ትወጋታለህ። 5 ደቂቃ ያህል ጠብቀህ ስታያት ሆዷን ኩምትር ታደርግና ወገቧን ስባ የኋላ እግሮቿን ልጥጥ ታደርጋለች፣ ያቺን እያንዳንዷን ልጥጥ ለ20 ደቂቃ ትቆጥራለህ። አንዱ ቡድን ቀድሞ ኤክስትራክቱን ወስዷል፣ አንዱ ባዶ ውሃ፣ አንዱ አስፕሪን። የውሃዎቹ ለምሳሌ 50 ጊዜ ተለጥጠው የኤክስትራክቶቹ 20 ከሆነ ደስ ይልሃል። ግን አትቸኩል፣ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። እንቅልፍ የሚያስይዝ ወይ ጡንቻ የሚያላላ ነገርም መለጠጡን ይቀንሰዋል፣ አይጧ ደንዝዛ ጥግ ይዛ ተኝታ አንተ ህመሟ ተሻላት ብለህ ትጽፋለህ። ስለዚህ የሚሽከረከር ዘንግ ላይ ታወጣታለህ፣ ሮታሮድ ይባላል፣ ቶሎ ቶሎ ከወደቀች ውጤትህ ላይ ጥያቄ አለ ማለት ነው። ሆት ፕሌትም አለ፣ 55 ዲግሪ የሞቀ ሳህን ላይ አቁመሃት መዳፏን እስክትልስ ወይ እስክትዘል በሰከንድ ትይዛለህ፣ 15 ሰከንድ ከሞላ ባትልስም ታነሳታለህ፣ አለዚያ ይቃጠላል። እዚያ ላይ እንደ ሞርፊን አንጎልና ህብለሰረሰር ላይ የሚሰራው ጎልቶ ይታያል፣ አስፕሪን ግን እምብዛም ነው። ሁለቱን አንድ ላይ ስታይ ተክሉ የት እንደሚሰራ ፍንጭ ይሰጥሃል።

ሌላው ደግሞ ቆጣሪው የቱ ሳጥን የምን እንደሆነ ማወቅ የለበትም። ተማሪ ሆኜ የመጀመሪያ ቆጠራዬን እያወቅኩ ቆጠርኩ፣ አንዷ ኤክስትራክት የወሰደች አይጥ ላይ 19 ጻፍኩ፣ አጠገቤ የነበረው ጓደኛዬ ምንም ሳያውቅ ለዚያቹ አይጥ 27 አለ። አልዋሸሁም እኮ፣ ያጠራጠረኝን ሁሉ ለተክሌ ነበር የማደላው። ከዚያ ወዲህ ኮድ ጭራዋ ላይ ነው፣ ዝርዝሩ ሌላ ሰው ኪስ ውስጥ።

አራዳው፦ አይጥ ከቸገራችሁ ፒያሳ ሲፈርስ የተሰደዱት በሙሉ እኛ ጣሪያ ላይ ናቸው፣ መጥታችሁ ውሰዱልን

መልስ፦ የሰፈር አይጥ አይሆንም፣ ላብራቶሪ ውስጥ ያደገችው ነጯ ናት፣ ከ20 እስከ 30 ግራም። ለእግር እብጠት ሙከራ ግን ብዙ ጊዜ ትልቋን፣ አይጠ መጎጧን እንጠቀማለን። ይሄን የምለው ሁለቱንም አይጥ የሚሉ ሰዎች እንዳይደባልቁ ነው፣ ዶዙ ይለያያል።

ባለ ቅጠሉ፦ አያቶቻችን ዳማከሴ ጨምቀው ምች ሲያድኑ ኖረዋል። ለአይጥ ማስመስከር ለምን አስፈለገ? ንቀት ነው።

መልስ፦ ንቀት ቢሆን ኖሮ ሺህ ተክል እያለ እናቶች የነገሩንን መርጠን አንጀምርም ነበር። ችግሩ ምች የሚባለው አፍ ላይ የሚወጣው ቁስል ዳማከሴ ባይነካውም አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት በአስር ቀን ይድናል። ታዲያ ማን አዳነው? ያንን የሚለይልህ የውሃ ቡድኑ ነው። የአስፕሪን መነሻ የሆነው የአኻያ ዛፍ ልጣጭ ለህመም ስንት ዘመን ሲጠጣ ኖሮ፣ አስፕሪን በ1897 እ.ኤ.አ. ተሰርቶ፣ እንግሊዛዊው ተመራማሪ ጆን ቬን አስፕሪን ፕሮስታግላንዲን የሚባለው ህመምና እብጠት ቀስቃሽ እንዳይመረት እንደሚያግድ ያሳየው በ1971 ነው። ነገሩ ጊዜ ይወስዳል።

ሌላው፣ ስሙ አንድ ሆኖ ተክሉ ሁለት የሆነ ስንት አለ መሰላችሁ። ከመርካቶ የደረቀ ሥር ገዝቶ የሚጀምር ተማሪ ሲመጣብኝ ራሴን ነው የሚያመኝ። ከነቅጠሉ ከነአበባው አምጥተህ አራት ኪሎ ሄርባሪየም (የደረቁ ተክሎች ናሙና ማስቀመጫ) አስለይተህ፣ ናሙና አስቀምጠህ፣ ቁጥር ይዘህ ና።

ታዛቢ፦ ተክሉ ማን ይባላል?

መልስ፦ ሥራው ስላላለቀ አልናገርም። ዛሬ ስሙን ብጠራ ነገ ጠዋት ሾላ ገበያ ዋጋው ይጨምራል።

ባለ ቅጠሉ፦ ዋናው ለፈረንጅ ልትሸጡት ስለሆነ ነው። ጤፋችንን እንደወሰዱት።

ፍሬሹ፦ የሆላንዱ ኩባንያ የጤፍ ፓተንት እኮ 2018 እ.ኤ.አ. ሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ ተደርጓል ብሮ

ባለ ቅጠሉ፦ እስኪደረግ ስንት ዓመት በላ?

አራዳው፦ ጤፍ ራሱ አሁን ስንት ገባ እሱን ንገሩኝ

መልስ፦ ጤፉን ሌላ ቦታ። ባጭሩ፣ የዘረመል ሀብትና የማህበረሰብ ዕውቀት አዋጅ 482/1998 የሚባል አለ፣ ሂዱና አንብቡት።

ሲስተር፦ ጤና ይስጥልኝ፣ ነርስ ነኝ። ህመምና እብጠት ለየብቻ ነው የሚሞከሩት?

መልስ፦ አዎ ሲስተር፣ ጥሩ አነሱ። ለእብጠት ካራጊናን እንጠቀማለን፣ ከባህር አረም የሚወጣ፣ 1% አድርገን የአይጠ መጎጧ መዳፍ ሥር እንወጋለን። ከዚያ እግሯን ውሃ ያለበት ቱቦ ውስጥ ነከር አድርገን ከፍ ያለውን ውሃ በየሰዓቱ እንለካለን፣ እስከ 4 ሰዓት። መጀመሪያ አካባቢ የሚያሳብጡት ሰውነቷ የሚለቃቸው ሂስታሚንና ሴሮቶኒን የሚባሉ ኬሚካሎች ናቸው፣ ከ3ኛው ሰዓት ገደማ ፕሮስታግላንዲን ጎልቶ ይመጣል። ስለዚህ ተክሉ ዘግይቶ ብቻ ከሰራ እንደ ህመም ማስታገሻው ዳይክሎፌናክ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። ያ ማለት ጨጓራና ኩላሊት ላይም እንደሱ ሊሆን ይችላል፣ ይሄን ማንም መስማት አይፈልግም። ደም እንዳይረጋ ዋርፋሪን የሚወስድ ታካሚ ካለዎት ቅጠል እንዳይጨምር ይንገሩልኝ፣ መድማት ሊያመጣ ይችላል።

ታዛቢ፦ ባጭሩ ይሰራል ወይስ አይሰራም?

መልስ፦ ምኑ? ለማን? ስንት ተወስዶ? እንደዚህ አይጠየቅም።

ጎረምሳው፦ አይጧ 400 ሚ.ግ በኪሎ ከወሰደች እኔ 60 ኪሎ ነኝ፣ 24 ግራም ልጠጣ?

መልስ፦ ኧረ በእመቤቴ! በኪሎ ማባዛት ብቻ አይሆንም፣ አይጥ ሰውነቷ ቶሎ ቶሎ ነው የሚያቃጥለው። የአይጥን ዶዝ ወደ ሰው ስታመጣ በ12.3 ትካፈላለህ፣ 400 ወደ 32 ተኩል ይወርዳል፣ በ60 ኪሎ 2 ግራም ገደማ። እሱም የኤክስትራክት 2 ግራም ነው! ከ100 ግራም ደረቅ ሥር 15 ግራም ቢወጣ፣ 13 ግራም ደረቅ ሥር ማለት ነው። ያውም በ80% ሜታኖል 72 ሰዓት ተዘፍዝፎ የወጣው ነው፣ አንተ ጀበና ላይ የቀቀልከው ውስጥ ሌላ ነገር ነው የሚወጣው። እና ለመጀመሪያ የሰው ሙከራ ይሄ ቁጥር እንደገና ቢያንስ በ10 ይካፈላል። አትጠጣ።

ባለ ቅጠሉ፦ ተፈጥሮ ግን አይጎዳም።

መልስ፦ ኮሶ ተፈጥሮ ነው፣ በዝቶ ሲጠጣ ዓይን አጥፍቷል። እኛ 2000 ሚ.ግ በኪሎ አንዴ ሰጥተን 14 ቀን እናያለን፣ አይጧ ካልሞተች አልሞተችም እንላለን እንጂ ዓመት ሙሉ ቢጠጣ ኩላሊት ምን ይሆናል የሚለውን አይነግረንም።

ታዛቢ፦ ፈቃድ አውጥቼ ብሸጥስ?

መልስ፦ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣኑን ጠይቅ። የተክሉንም ስም በዚህ በኩል አታገኝም።

የቄራዋ፦ እኔ ነኝ ተመልሼ። መጀመሪያ ሳልነግርህ፣ ለ8 ወር አንድ ሰው የሚያመጣው ዱቄት ስትወስድ ነበር፣ በ2 ቀን ነው ህመሙ ጥፍት ያለላት፣ አሁን ሲያልቅባት ነው የባሰባት። ለዛ ነው ቅጠል የጠየቅኩህ።

መልስ፦ ቆይ ቆይ። በ2 ቀን? ፊቷ ክብ ብሏል? ትንሽ ሲነካት ይበልዛል?

የቄራዋ፦ ፊቷ አዎ፣ ወፈረች ብለን ደስ ብሎን ነበር። ክንዷም ላይ ሰማያዊ ሰማያዊ ነገር አለ።

መልስ፦ እህቴ ቅድም በችኮላ ስለመለስኩልሽ ይቅርታ። እርግጠኛ መሆን አልችልም፣ ግን በባህል መድኃኒት ስም በሚሸጥ ዱቄት ውስጥ ዴክሳሜታሶን ወይ ፕሬድኒሶሎን የሚባል ስቴሮይድ ተቀላቅሎ በብዙ አገር ተገኝቷል። ያ ከሆነ ሰውነቷ የራሱን ስቴሮይድ ማምረት ትቶ ሊሆን ይችላል፣ በድንገት ሲቋረጥ ሰው ሊወድቅ ይችላል። ካለቀባት ስንት ቀኗ ነው?

የቄራዋ፦ 3። ያጥወለውላታል፣ ዛሬ ለመነሳት አቃታት።

መልስ፦ ነገን አትጠብቂ፣ አሁኑኑ ድንገተኛ ክፍል ውሰጃት። 8 ወር ምንነቱን የማናውቀው ዱቄት ስትወስድ ነበር፣ ስቴሮይድ ሊሆን ይችላል፣ ከቆመ 3 ቀኑ ነው በያቸው፣ በዚሁ ቃል። ዱቄቱ የቀረ ካለ ይዘሽ።

የቄራዋ፦ ዱቄቱ አልቋል፣ የተጠቀለለበት ጋዜጣ ብቻ ነው ያለው።

መልስ፦ ጋዜጣውን በፌስታል አድርገሽ ያዢው፣ ሳታራግፊ። ራይድ ጥሪ፣ መንገድ ላይ ሆነሽ ጻፊልኝ፣ እዚሁ ነኝ።