«ከዓይኔ ሥር የሚያብጠው ኩላሊቴ ታሞ ይሆን?»

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ 27 ዓመቴ ነው። ኮምቦልቻ ልብስ ስፌት ፋብሪካ ውስጥ በፈረቃ እሠራለሁ። ጠዋት ስነሣ ከዓይኔ ሥር ያብጣል፤ ጥቁረቱም አልለቅ አለኝ። ጎረቤቴ «የኩላሊት ነው» ብላ አስደነገጠችኝ። ቤታሜታሶን የሚባል ቅባት ገዝቼ ሦስት ወር ቀባሁ። መጀመሪያ ፈክቶልኝ ነበር፤ ስተወው ግን ባሰብኝና መልሼ ጀመርኩ። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ እህቴ፣ ከጥቁረቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሣዎት የጎረቤትዎ ቃል ይመስለኛልና ከኩላሊቱ ልጀምር። ሌሊት ጋደም ስንል ውሃ ልል ቆዳ ባለበት፣ ማለትም ዓይን ሥር ይጠራቀማል፤ ቆመን ስንሄድ ይወርዳል። እስከ ረፋድ የሚጠፋ እብጠት ብቻውን የኩላሊት በሽታ አለ ለማለት አይበቃም። ኩላሊት ፕሮቲን ሲያፈስ ሽንት ቶሎ የማይጠፋ አረፋ ይሠራል፤ ማታ ማታም እግር ያብጣል። የቅልጥምዎን አጥንት በአውራ ጣት 10 ሰከንድ ይጫኑት፤ ጎድጉዶ ከቀረ፣ ወይም ሽንትዎ ካነሰ ወይም ደም ከመሰለ፣ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ይሂዱ። ይህ ሁሉ ባይኖርም የሽንት ምርመራ ያድርጉ፤ ደም ግፊትዎንም ይለኩ። ጤና ጣቢያ ይበቃል።

ቅባቱ ግን ያሳስበኛል። ሦስት ወር ሙሉ፣ ያለ ሐኪም፣ ዓይን ሥር! ቤታሜታሶን ስቴሮይድ የሚባል፣ የቆዳ መቆጣትን የሚያበርድ ጠንካራ መድኃኒት ነው። የደም ሥሮችን ስለሚያጠብ መጀመሪያ ፊት የፈካ ይመስላል። ሲተውት ደም ሥሮቹ ይከፈቱና ቆዳው ይቀላል፣ ያብጣል። «ባሰብኝ» ያሉት ይህ ነው፤ መልሰው በቀቡት ቁጥር ዙሩ ይደገማል። የዓይን ቆብ ቆዳ ከሰውነት ሁሉ ስስ ነው፤ ስቴሮይዱ ይበልጥ ሲያሳሳው ከሥሩ ያሉት ደም ሥሮች ገነው ይታያሉ፤ ስለዚህ ሊያጠፉት የነበረው ጥቁረት ይጨምራል። ከዚህም የከፋ አለ። መድኃኒቱ ወደ ዓይን ዘልቆ የዓይንን ግፊት ከፍ ሊያደርግ ይችላል። ግፊቱ ብዙ ጊዜ ሳያም፣ ሳያቀላ የዓይን ነርቭን ይጎዳል፤ ግላኮማ የሚባለው ነው። በዚህ የጠፋ እይታ አይመለስም። ሲቆይ የዓይን ሞራም ያመጣል። «ምንም አላመመኝም» ብለው አይዘናጉ፤ ይህን ነገር በሕመም አያውቁትም፤ በመለካት ብቻ ነው የሚታወቀው።

ስለዚህ በዚህ ሳምንት ቱቦውን ይዘው ወደ ደሴ ይውጡ። ቦሩ ሜዳ ሆስፒታል የዓይንም የቆዳም ሕክምና አለ። «ሦስት ወር ስቴሮይድ ቀብቻለሁ» ብለው በግልጽ ይናገሩ፤ የዓይን ግፊትዎ ይለካ፤ ቅባቱን ካቆሙ በኋላ ምን እንደሚያደርጉም የቆዳ ሐኪሙ ይንገርዎት። ሲያቆሙ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ቢቀላና ቢያብጥ አይደንግጡ፤ ያልፋል። ክሎቤታሶልም ሆነ ፊት ያቀላል ተብሎ የሚሸጥ ቅባት በምትኩ አይቀቡ፤ ብዙዎቹ ውስጥ ያው ስቴሮይድ አለ።

ለእብጠቱ ራስዎን በሁለት ትራስ ከፍ አድርገው ይተኙ። ሲነሡ በቀዝቃዛ ውሃ የተነከረ ንጹሕ ጨርቅ 10 ደቂቃ ያሳርፉበት፤ በረዶ በቀጥታ አያስነኩ። ጨው በቀን ከ5 ግራም፣ ከአንድ የሻይ ማንኪያ፣ አይብለጥ፤ በርበሬው፣ ሽሮውና ቋንጣው ውስጥ ያለውም ይቆጠራል። ከሌሊት ፈረቃ ሲመለሱ መስኮቱን በወፍራም ጨርቅ ጋርደው ለ7 ሰዓታት ይተኙ፤ በፈረቃው ማብቂያ ላይ ቡና ይቅር። ዓይንዎን የሚያሳክክዎት ከሆነ አይሹት፤ ማሸት ራሱ ያጠቁራል። አለርጂ ሊሆን ስለሚችል ይህንንም ለሐኪሙ ይንገሩ።

ጥቁረቱን መስታወት ፊት ይፈትኑት። ቆዳውን ቀስ አድርገው ወደ ታች ሲወጥሩት ቡናማው እንዳለ ከቀረ የቆዳው ቀለም ነው፤ ወይን ጠጅ መስሎ ከጎላ የደም ሥር ነው። ከፊት ለፊት ብርሃን ሲያበሩበት ከጠፋ ግን ከዓይን ሥር ያለው ጉድጓድ ጥላ ነው፤ እሱን ምንም ቅባት አያነሣውም፤ በቤተሰብም የሚወረስ ነው። የዓይን ግፊትዎ እስኪለካ ድረስ ከቫዝሊን በቀር ምንም ነገር ዓይንዎ አጠገብ አይቀቡ፤ ኩልም ቢሆን፤ አንዳንዱ እርሳስ አለበት።