ሩዙን ለምሳ ተዪው
«ስልኬ ልብስ የዘፈዘፍኩበት ሳፋ ውስጥ ወደቀ። አሁንም ይሠራል። ሩዝ ውስጥ ልክተተው?» ላልሽው፦

እህቴ፣ መጀመሪያ አጥፊው። ይሠራል ብለሽ አትዘናጊ፤ እርጥብ ስልክ ላይ ኤሌክትሪክ ሲያልፍ ነው ጉዱ የሚመጣው። ቻርጀር እንዳትሰኪ። ከቨሩን አውልቂ፣ ሲሙን አውጪ። ከዚያ የቻርጀር ቀዳዳውን ወደ ታች አዙረሽ መዳፍሽ ላይ ቀስ አድርገሽ መታ መታ አድርጊው። ጠብታው ሲወርድ ታዪዋለሽ።

ሩዙን እርሺው። አፕል ራሱ «ሩዝ ውስጥ አትክተቱ፣ ብናኙ ይጎዳል» ይላል። እኔማ ጤፍ ውስጥ የቀበርኩ ጀግና ነኝ! ስልኩ ሳይደርቅ፣ ጤፉን ከቀዳዳው በስቴኪኒ ስለቅም አመሸሁ። የፀጉር ማድረቂያም፣ ምጣድ ዳር ማስጠጋትም አይሆንም፤ ሙቀት ባትሪውንና የስክሪኑን ሙጫ ያበላሻል። ነፋስ ያለበት ቦታ ይበቃዋል።

ያንቺ ግን የሳሙና ውኃ ነው፤ እሱ ነው ያሳሰበኝ። ውኃው ቢደርቅም ቅሪቱ ቦርዱ (የስልኩ የውስጥ ኤሌክትሮኒክስ የተሰካበት ሰሌዳ) ላይ ይቀርና ቀስ እያለ ያዝገዋል። «አይፒ 68» (ውኃ የመቋቋም ደረጃ) ነው ብለሽም አትተማመኚ፣ ያ በንጹሕ ውኃ የተሞከረ ነው። ስለዚህ ሳይውል ሳያድር ስታዲየም ወይም ሜክሲኮ አካባቢ ጥገና ቤት ውሰጂው። ከፍተው ቦርዱን በአልኮልና በብሩሽ ያጥቡልሽ። «ሙቅ አየር ነፋ አድርገንበት እንሰጥሻለን» ካሉሽ ወደ ቀጣዩ ሱቅ እለፊ። ዋጋውን ሳይከፍቱት ተነጋገሪ። ፎቶና ኮንታክትሽንም፣ ከተነሳልሽ፣ የዚያኑ ዕለት ገልብጪ።