ሙስካዴ ጣፋጭ ነው ወይ ላልሽው

እህቴ፣ ጥያቄሽን አየሁት። ሙስካዴ የሚባል ነጭ ወይን በስጦታ መጥቶልሻል፣ ስሙ ሙስካት የሚባለውን፣ ብዙ ጊዜ ጣፋጭ የሆነውን ወይን ስለሚመስል ጣፋጭ ነው ብለሽ ገምተሻል፣ እሁድ ለእንግዶች ከዶሮ ወጥ ጋር ላቅርበው ወይ ነው ያልሽው። እዚህ ፈረንሳይ ናንት ከተማ አሳ ቤት ውስጥ ስድስት ዓመት አስተናጋጅ ሆኜ ስለሰራሁ የማውቀውን ልንገርሽ።

ጣፋጭ አይደለም። ደግሞ በስሙ የተሸወድሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም። ስራ በጀመርኩ በሁለተኛው ሳምንት አንዲት ደንበኛ ከኬኳ ጋር የሚሄድ ጣፋጭ ወይን ስትለኝ በሙሉ ልብ ሙስካዴ ቀዳሁላት። አንዴ ፉት ስትል ፊቷ ሎሚ እንደነከሰ ሰው ጭምድድ አለ። አለቃዬ ያን ቀን ያወረደብኝን ስድብ ፈረንሳይኛዬ ገና ስለነበር ግማሹን አልሰማሁትም፣ ተመስገን ነው። ሙስካት ሌላ ወይን ነው፣ ዘመድም አይደሉም።

ሙስካዴ የሚሰራው ሜሎን ደ ቡርጎኝ ከሚባል የወይን ዘር ነው። ዘሩ በምሥራቅ ፈረንሳይ ካለው ቡርጎኝ ቢመጣም ዛሬ አገሩ ናንት ዙሪያ ነው፣ የሎዋር ወንዝ አትላንቲክ ሊገባ ሲል። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የሆላንድ ነጋዴዎች አረቄ የሚያወጡበት ነጭ ወይን ይፈልጉ ስለነበር ነጩ ተስፋፋ። ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1709 ክፉ ብርድ መጥቶ አብዛኛውን የወይን ተክል ጨረሰው። ሜሎን ብርድ ይችላልና ገበሬው እሱን በብዛት ተከለ።

አሁን ጠርሙሱን አንሺና ጽሑፉን እይ። «ሴቭር ኤ ሜን» የሚል ካለ የሁለት ወንዞች ስም ነው፣ አብዛኛው ሙስካዴ ከዚያ ነው የሚመጣው። ዋናው ግን «ሱር ሊ» የሚለው ነው። ሊ ማለት አተላ ነው፣ ሌላ ቃል አልፈልግለትም። እኛ ከጠላው ለይተን ለከብት የምንሰጠውን እነሱ ወይኑ እላዩ ላይ እንደተኛ ብርዱን ሙሉ ያቆዩታል፣ እስከ ማርች ድረስም ጠርሙስ ውስጥ አይገባም። አተላው ውስጥ ያለው እርሾ ለወይኑ ትንሽ ውፍረት ይሰጠዋል፣ አንዳንዴ የሊጥ ሽታ ነገር አለው፣ ገና ሲከፈት ደግሞ ምላስ ላይ ቆንጠጥ ያደርጋል። ተበላሸ ብለሽ እንዳትደፊው።

ከምን ጋር? ናንቶች ቢጠየቁ ኦይስተር ነው የሚሉሽ፣ ጠንካራ ቅርፊት ውስጥ የሚኖር የባህር እንስሳ ነው፣ ከነቅርፊቱ በበረዶ ላይ፣ ጥሬውን። ወይኑ ራሱ ጨው ጨው ስለሚል የባህር ነገር ይወዳል። ለኛ ሰው ግን ኦይስተር ፈተና ነው፣ ሃይማኖቱም አለ፣ እኔም እስካሁን ዓይኔን ጨፍኜ ነው። የአካባቢው ሌላ ምግብ አለ፦ አሳ ላይ የሚፈስ በር ብላን የሚሉት ሶስ፣ ቅቤ፣ ቀይ ሽንኩርት መሳይ ሻሎት፣ ኮምጣጤና ነጭ ወይን ነው። ቅቤው ሲከብድ የወይኑ ኮምጣጣነት ያነሳልሻል። ያ ሁሉ ከሌለ ደግሞ ተራ የአሳ ጥብስ፣ እንደ ሐዋሳው ከነአጥንቱ የተጠበሰ፣ ሎሚ ጨምቀሽበት። እሱን በልቼበታለሁ፣ ግጥም ይላል።

ዶሮ ወጡን ግን ተይው በናትሽ። እኔ ለገና ሞክሬዋለሁ። በርበሬውና የተቁላላው ሽንኩርት ወይኑን ይውጡታል፣ አፍሽ ላይ የሚቀረው ኮምጣጤ ብቻ ነው። ለዶሮው ጠጅ አቅርቢ፣ ሙስካዴውን እንግዶቹ ሳይቀመጡ፣ አሳ ነገር ጠብሰሽ ቅጂላቸው።

ፍሪጅ ውስጥ ከትተሽው ስትቀጂ አስር ደቂቃ ቀደም ብለሽ አውጪው፣ በረዶ ከሆነ ጣዕሙ ይጠፋል። ለትልቅ ቀን ብለሽ ዓመታት አታስቀምጪው፣ አብዛኛው ትኩሱን የሚጠጣ ነው። ከተረፈ ቡሹን መልሺና በነጋታው አሳ ስትቀቅዪ ጨምሪበት።