ጥቁር ገመድ ሁሉ ኔጋቲቭ አይደለም፦ ስለ መኪና ቴፕና ስፒከር ለጠየቃችሁኝ

ጥያቄ ላኩ ካልኩ ወዲህ ስልኬ አላረፈም። አብዛኛው የመጣው ከቪትስና ከኮሮላ ባለቤቶች ነው። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌያቸዋለሁ። ሱቅ የለኝም፣ የምሸጠውም ዕቃ የለም። ከዲኤክስ ጀምሮ የራሴንና የጎረቤቶቼን መኪና ስፈታና ስገጥም የኖርኩ ሰው ነኝ፤ ያቃጠልኩትም ቀላል አይደለም።

ቪትሴ በቀጥታ ከጃፓን የመጣች ናት። ሬዲዮዋ 90 ላይ ያበቃል። ሸገርን ለመስማት ቴፑን መቀየር ግዴታ ነው?

አይደለም። የጃፓን ሬዲዮ በአብዛኛው የሚይዘው ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ነው። የአዲስ አበባ ጣቢያዎች ደግሞ ከዚያ በላይ ናቸው። በአንቴናው ገመድና በቴፑ መሀል የሚሰካ ትንሽ ዕቃ አለ፣ ኤክስፓንደር ይባላል። ባለ 20ው ከጣቢያው ቁጥር ላይ 20 ይቀንሳል። ሸገር 102.1 በ82.1 ይመጣልሃል። ኤፍ ኤም 97.1 በ77.1 ይገኛል።

ግን ከ96 በታች ያለውን ትረሳዋለህ። አሐዱ 94.3 ላይ 20 ሲቀነስ 74.3 ይሆናል፤ ሬዲዮህ ደግሞ ከ76 በታች አያውቅም። ሁለተኛ ነገር፣ የኤክስፓንደሩን ቀይ ገመድ ቁልፍ ሲዞር ብቻ ኃይል ከሚያገኘው ገመድ ጋር አገናኘው። ሁልጊዜ ኃይል ካለው ጋር ካገናኘኸው ሌሊቱን ሙሉ ባትሪህን ይልሳል። ለሬዲዮ ብቻ ከሆነ ይህ ይበቃሃል። ብሉቱዝም ካማረህ ግን ገንዘብህን ለአዲስ ቴፕ አጠራቅም።

የእኔ መኪና ከአሜሪካ ነው የመጣው። ሁሉንም ጣቢያ ይይዛል፣ 107.8 ብቻ እምቢ አለኝ። 107.7 ይላል፣ ከዚያ ዘሎ 107.9 ይላል።

ይህን ጥያቄ ወደድኩት። ሬዲዮህ አልተበላሸም። በአሜሪካ የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ከነጥብ በኋላ ያለው ቁጥራቸው ሁልጊዜ ጎዶሎ ነው፤ ስለዚህ ሬዲዮው በ0.2 እየዘለለ ነው የሚሄደው። የእኛ 97.1፣ 98.1፣ 102.1፣ 105.3 ሁሉ በአጋጣሚ ጎዶሎ ስለሆኑ ይያዙልሃል። 107.8 ግን በመሀል ይወድቃል። የቴፑን ሴቲንግ ክፈትና ክልል ወይም አካባቢ የሚመረጥበትን ፈልግ። ወደ አውሮፓ ቀይረው። ዝላዩ ያንሳል፣ ጣቢያውም ይገኛል። አንዳንድ የፋብሪካ ሬዲዮ ይህ ምርጫ የለውም። ያኔ ከኢንተርኔት ወይም ከሌላ ሬዲዮ መስማት ነው።

ባትሪ ቀየርኩ። ከዚያ ወዲህ ስክሪኑ በጃፓንኛ የሆነ ነገር ጽፎ ቀረ። ምንም አይነካም።

የብዙዎች ለቅሶ ነው። አንዳንድ የጃፓን ናቪጌሽን ቴፖች ኃይል ሲቋረጥባቸው ተሰርቀው የተነቀሉ ይመስላቸውና ይቆለፋሉ። አንዳንዱ የካርታውን ኤስዲ ካርድ መልስልኝ ይላል። አንዳንዱ የሚስጥር ቁጥር ይጠይቃል። ስለዚህ በስክሪኑ አጠገብ ያገኘኸውን ኤስዲ ካርድ አውጥተህ ዘፈን እንዳትጭንበት! ካርዱ ካለ መልሰህ አስገባው። ቁጥር ከሆነ የሚፈልገው፣ ስክሪኑ ላይ የሚታየውን መለያ ፎቶ አንስተህ ይህን ለሚሠራ ባለሙያ ውሰድ። በግምት እየደጋገምክ አትሞክር።

ከሶማሌ ተራ አዲስ አንድሮይድ ቴፕ ገዛሁ። ገመዱን ቀለም ከቀለም አገናኘሁ። ጭራሽ አልበራም። ሻጩ ሸወደኝ ማለት ነው?

አልሸወደህም። እኔም እንዳንተ አድርጌ አውቃለሁ። የዛሬ ስንት ዓመት ለመጀመሪያዋ ቪትሴ አዲስ ቴፕ ገዝቼ፣ ቢጫውን ከቢጫ፣ ጥቁሩን ከጥቁር አሰርኩ። አልበራም። በንዴት ይዤው ሄድኩና «የተበላሸ ነው የሸጥክልኝ» አልኩት። ሰውዬው ምንም ሳይናገር ጠረጴዛው ላይ ካለው ባትሪ ጋር ሲያገናኘው ቴፑ በደንብ ዘፈነ። አንገቴን ደፍቼ ወጣሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ገበያ ላይ ባለው ቴፕ ቢጫ ሁልጊዜ ኃይል ያለው ነው፣ ቀይ ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኘው፣ ጥቁር ኔጋቲቭ። የቶዮታ የራሱ ገመድ ግን ሌላ ቋንቋ ነው የሚናገረው። በብዙዎቹ ቶዮታዎች ሁልጊዜ ኃይል ያለው ሰማያዊ ቢጫ መስመር ያለበት ነው። ቁልፍ ሲዞር ኃይል የሚያገኘው ግራጫው ነው። ኔጋቲቩ ቡኒ ነው። ጥቁርና ቢጫው ደግሞ የኋላ ግራ ስፒከር ገመዶች ናቸው! ቀዩና ነጩ የኋላ ቀኝ ናቸው። ከፊት ሮዝና ወይን ጠጅ ግራ፣ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴና ሰማያዊ ቀኝ። ስለዚህ ቀለም ከቀለም ያሰረ ሰው ኃይሉን ከስፒከር ጋር ነው ያሰረው።

ከሁሉ የሚሻለው ገመድ አለመቁረጥ ነው። ከቶዮታ ሶኬት ጋር የሚገጥም ባለ 10ና ባለ 6 እግር ሶኬት ለብቻው ይሸጣል። ዋጋው ከቴፑ ጋር ሲነጻጸር ምንም ነው። አዲሱን ቴፕ ከዚያ ሶኬት ጋር ጠረጴዛ ላይ ቁጭ ብለህ ታገናኛለህ፣ ከዚያ መኪናው ላይ መሰካት ብቻ ይቀራል። ነገ መኪናውን ብትሸጥም የድሮውን ቴፕ መልሰህ ትሰካለህ። በተረፈ ቀለምን ብቻ አትመን፤ በቴስተር ለካ።

ሦስት ማስጠንቀቂያ አለኝ። ከመጀመርህ በፊት የባትሪውን ኔጋቲቭ ንቀል፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ያህል ጠብቅ። ቢጫ ሶኬት ካየህ የኤርባግ ነው፣ አትንካው። የስፒከር ኔጋቲቭን ደግሞ ከቦዲ ጋር አታገናኝ፤ የዛሬ ቴፖች በሁለቱም የስፒከር ገመድ ነው ድምፅ የሚልኩት፣ ቦዲ ከነካ ውስጡ ያለው አምፕሊፋየር፣ ማለትም ድምፁን የሚያጎላው ክፍል፣ ይቃጠላል።

አዲሱ ቴፕ ይሠራል፣ ግን መኪናውን ባጠፋሁ ቁጥር ሰዓቱና ጣቢያው ይጠፋበታል።

ቢጫና ቀዩ ተቀያይረዋል። አቀያይራቸው፣ አለቀ።

ባጀቴ ትንሽ ነው። ከቴፕ ልጀምር ከስፒከር?

ከበሩ ጀምር። እየቀለድኩ አይደለም። ሰው ውድ ስፒከር ገዝቶ ቆርቆሮው በሚንቀጠቀጥ በር ላይ ይሰካና «ልዩነት የለውም» ይላል። ስፒከር ወደ ፊት ሲገፋ ከኋላው ያለው አየር ይሳባል። የፊቱና የኋላው አየር በበሩ ቀዳዳዎች ከተገናኙ ይጠፋፋሉ። መጀመሪያ የሚሞተው ቤዙ፣ ማለትም ወፍራሙ ድምፅ ነው።

የበሩን ልብስ አውጣ። ከኋላው ፕላስቲክ ታገኛለህ። ትልልቆቹን ቀዳዳዎች አልሙኒየም በለበሰ የቡቲል ላስቲክ ሸፍን። ከውጭ ባለው ቆርቆሮ ላይም ከስፒከሩ ኋላ ትልቅ ቁራጭ ለጥፍ። ሬንጅ የሆነውን ርካሽ አትግዛ፤ በፀሐይ ቀን መኪናህ አስፋልት አስፋልት ይሸታል። ከበሩ በታች ያሉትን ትንንሽ ቀዳዳዎች ግን በፍጹም እንዳትደፍናቸው። የዝናብ ውሃ የሚወጣው በእነሱ ነው። ከደፈንካቸው ከሁለት ክረምት በኋላ በርህ መዛግ ይጀምራል።

ከዚያ ስፒከር። የቪትስና የብዙ ኮሮላ የፊት በር 16 ሳንቲ ሜትር ስፒከር ይወስዳል፣ ገበያ ላይ ስድስት ተኩል ኢንች የሚሉት ማለት ነው። የቶዮታ ስፒከር በብሎን ሳይሆን በሪቬት ነው ብዙ ጊዜ የሚያዘው፤ የሪቬቱን ራስ በትራፓኖ ትበሳዋለህ። አዲሱን ለመያዝ የፕላስቲክ ወይም የእንጨት ቀለበት ያስፈልጋል። ከማሰርህ በፊት መስኮቱን እስከ መጨረሻው አውርደህ መስታወቱ የስፒከሩን ጀርባ እንደማይነካ እይ። ይህን ዘልሎ መስታወት የሰበረ ሰው አውቃለሁ።

ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ከጠፋህ የሪሞት የባትሪ ድንጋይ አምጣ። የድንጋዩን ፖዘቲቭ ከአንዱ ገመድ፣ ኔጋቲቩን ከሌላው ለአፍታ ነካ አድርግ። ስፒከሩ ወደ ውጭ ከዘለለ የድንጋዩን ፖዘቲቭ የነካው ገመድ ፖዘቲቭ ነው። የአንዱ ወገን ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ዘፋኙም ከየት እንደሚዘፍን አይታወቅም።

የኋላውን ስፒከር ለጊዜው እርሳው። ሙዚቃ የሚሰማው ከፊት ነው።

ቴፑ ላይ 50 ዋት በ4 ይላል። አምፕሊፋየሩ ደግሞ 1000 ዋት። ታዲያ 80 ዋት ስፒከር አይቃጠልም?

እነዚህ ቁጥሮች ለካርቶኑ ማሳመሪያ ናቸው። መኪናህ ሲሠራ ኤሌክትሪኩ 14 ቮልት አካባቢ ነው። በባለ 4 ኦም ስፒከር ላይ ከዚያ በቀጥታ የሚወጣው ንጹሕ ኃይል 20 ዋት ገደማ ነው። 50 የሚለው ድምፁ ተበላሽቶ ለቅጽበት የሚነካው ጣሪያ ነው።

ለአምፕሊፋየር ደግሞ ካርቶኑን ትተህ ፊውዙን እይ። ባለ 30 አምፔር ከሆነ 30 በ14 አባዛ፤ 420 ዋት። ይህ ወደ አምፕሊፋየሩ የሚገባው ኃይል ነው፣ ከሚገባው በላይ ሊወጣ አይችልም። 1000ው የት ሄደ? ስፒከር የሚያቃጥለው ብዙ ጊዜ ትልቅ አምፕሊፋየር ሳይሆን አቅሙ ያለቀና ድምፁን እየቆረጠ የሚጮህ ትንሽ አምፕሊፋየር ነው።

የቤዝ ስፒከር ከነአምፕሊፋየሩ ላስገባ ነው፣ 400 ዋት። የትኛውን ገመድ ልጠቀም? ፊውዝስ?

400 ዋት እንዲወጣ ከ35 አምፔር በላይ ይገባል። ፊውዙ 40 ይሁን፣ ገመዱ ንጹሕ መዳብ ከሆነ 8 ቁጥር ይበቃል (ቁጥሩ ሲያንስ ገመዱ ይወፍራል)። ገበያ ላይ ያለው አብዛኛው ገመድ ግን መዳብ የተቀባ አልሙኒየም ነው። ቆርጠህ ክሩን በምላጭ ፋቀው፤ ነጭ ካሳየህ አልሙኒየም ነው፣ ያኔ 4 ቁጥር ግዛ።

ፊውዙ ከባትሪው 45 ሳንቲ ሜትር ሳይርቅ ይቀመጥ። አምፕሊፋየሩ አጠገብ ያለው ፊውዝ አምፕሊፋየሩን ነው የሚጠብቀው። ከባትሪው እስከ ኋላ ያለው አራት ሜትር ገመድ ግን የሆነ ቦታ ተልጦ ቦዲ ከነካ፣ ከባትሪው አጠገብ ፊውዝ ከሌለ መኪናው በእሳት ይያያዛል። እዚህ ላይ አልደራደርም።

ለቪትስ ከሆነ ደግሞ ትልቅ ሣጥን ይዘህ የኋላውን አትሙላው። አምፕሊፋየሩ አብሮት ያለ፣ ከወንበር ሥር የሚገባ ስስ ቤዝ አለ። ለሠርግ ሚዜ አይሆንም፣ ለአንተ ግን ይበቃሃል።

ነዳጅ ስረግጥ ከስፒከሩ «ዊይይይ» የሚል ድምፅ ይወጣል።

ከዲናሞው የሚመጣ ነው። መጀመሪያ የስልክህን ቻርጀር ንቀል። ከጠፋ፣ ጥፋተኛው ስልክህ በአንድ ጊዜ ቻርጀርም ኦክስም (ከቴፑ ጋር የሚያገናኘው የድምፅ ገመድ) መሰካቱ ነው። ካልጠፋ የአምፕሊፋየሩን ኔጋቲቭ እይ። ቀለም ላይ ታስሮ ይሆናል፤ ነጭ ብረት እስኪታይ ፋቀው፣ ገመዱም አጭር ይሁን። የድምፁን ገመድ በመኪናው ግራ፣ የኃይሉን በቀኝ አሳልፍ። ማጣሪያ የሚባል ዕቃ ከመግዛትህ በፊት ይህን ሁሉ ጨርስ።

የኤሌክትሪክ መኪና ነው ያለኝ። ትልቅ ባትሪ ስላለው ቤዝ አይከብደውም አይደል?

ብዙ ሰው እንዲህ ያስባል። ቴፕህና አምፕሊፋየርህ የሚመገቡት ከትልቁ ባትሪ ሳይሆን ከትንሿ 12 ቮልት ባትሪ ነው። መኪናው ሲበራ ትልቁ ትንሿን ይሞላል። መኪናውን አጥፍተህ ቤዝ ስታንደቀድቅ ትንሿ ትሞታለች፤ ትልቁ ሙሉ ሆኖ እያለ መኪናው አልነሳም ይላል። ያኔ ጎረቤቶችህ ይስቁብሃል። ብርቱካናማ ገመድ ካየህ ደግሞ እጅህን ሰብስብ። እሱ ሰው ይገድላል። ዋስትናህ ሳያልቅ ምንም ገመድ ባትቆርጥ እመርጣለሁ።

ልጄ አዲስ ስፒከርና ቤዝ አስገባልኝ፣ እግዜር ይስጠው። ግን ዜና አይሰማኝም፣ ጋዜጠኛው ጉድጓድ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ይመስላል። ዕድሜዬ 68 ነው።

ጋሼ፣ ጆሮዎ ሳይሆን ማስተካከያው ይመስለኛል። ቤዙ የሰውን ድምፅ ጭምር እንዲያወጣ ተለቆ ይሆናል። ልጅዎ አምፕሊፋየሩ ላይ ኤል ፒ ኤፍ የሚለውን፣ ወፍራሙን ድምፅ ብቻ የሚያሳልፈውን ማጣሪያ፣ 80 ኸርዝ ላይ ያድርገው። ጌይን የሚለው ደግሞ የድምፅ መጨመሪያ አይደለም፣ አምፕሊፋየሩን ከቴፑ ጋር ማመጣጠኛ ነው፤ እስከ ጫፍ ተዙሮ ከሆነ ወደ ኋላ ይመልሰው። ቴፑ ላይ ላውድነስ የሚል፣ ቤዙን የሚያጎላ ምርጫ ካለ ያጥፉት። ከዚያ ሚድ የሚለውን፣ የሰው ድምፅ ያለበትን፣ ሁለት ከፍ፣ ቤዙን ሁለት ዝቅ ያድርጉ። ዜናው ሲያልቅና ልጅዎ ሲነዳ መልሶ የፈለገውን ያድርግ። ሁለታችሁም የየራሳችሁን እንድታስቀምጡ ብዙዎቹ አንድሮይድ ቴፖች የድምፁን አቀማመጥ በስም መዝግበው ይይዛሉ።