ንብረታችሁ ሲመዘገብ ዝም አትበሉ

ውድ ልጆቼ፣

ሰሞኑን አንድ ወጣት ልብስ ሰፊ «ተፈርዶብኛል፤ የምሠራበትን የስፌት መኪና ሊወስዱብኝ ይችላሉ?» ብሎ ጠየቀኝ። ሕጉ አይፈቅድም። ነገር ግን ሕጉ አይፈቅድም ማለትና መኪናው አይወሰድም ማለት ለየቅል ናቸው። ጥያቄው ከልቤ ያልወጣ አንድ የአፈፃፀም መዝገብ፣ ማለትም የተፈረደ ዕዳ የሚሰበሰብበት የፍርድ ቤት ጉዳይ፣ ቀሰቀሰብኝ፤ የምጽፍላችሁም ለዚህ ነው።

የዚያ መዝገብ ባለዕዳም መርካቶ ውስጥ ጠባብ ሱቅ የነበረችው ሌላ ልብስ ሰፊ ነው። ገንዘቡን የተበደረው እሱ አይደለም፤ ለጓደኛው ዋስ ሆኖ ፈረመ። የዋስትናው ውል «በአንድነትና በነጠላ» ይላል። ይህ ሐረግ ካለ አበዳሪው ዋናውን ተበዳሪ ሳይጠይቅ በቀጥታ ዋሱን መክሰስ ይችላል። መጥሪያ ሲደርሰው «ገንዘቡን የበላው እሱ፤ እኔን ምን አገባኝ» ብሎ ቀረ። ጉዳዩ በሌለበት ታይቶ ተፈረደበት። በቂ ምክንያት ያለው ሰው በሌለበት የተሰጠ ፍርድ እንዲነሣለት መጠየቅ የሚችለው ፍርዱን ባወቀ በ1 ወር ውስጥ ነው። እሱ ያንንም አሳለፈው።

የአፈፃፀም ሠራተኛው ንብረት ሊመዘግብ ሲሄድ የአበዳሪው ጠበቃ ሆኜ አጠገቡ ቆሜ ነበር። ዝርዝሩ እንዲህ ይላል፦ የልብስ ስፌት መኪና 3፣ ኦቨርሎክ 1፣ ካውያ 1፣ መቁረጫ ጠረጴዛ 1፣ ልዩ ልዩ ጨርቅ 11። «ልዩ ልዩ ጨርቅ» የተባለው የደንበኞች ነው፤ እያንዳንዱ ላይ ስምና ልክ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተይዟል። አንዱ ላይ «ወገብ 82» የሚለው እስከ ዛሬ ይታየኛል። ከመኪኖቹ አንዱ ሚስቱ ከጋብቻ በፊት የገዛችው ነው። ሠራተኛው «የምትለው አለ?» ሲል ጠየቀው። ጎረቤቱ በሩ ላይ ተሰብስቧል። «የለም» አለና ፈረመ። ያን ቃል ያናገረው እፍረት ነው። እኔም የማውቀውን አንቀጽ አፌ ውስጥ ይዤ ዝም አልኩ፤ ደንበኛዬ አበዳሪው ነበራ።

በዚያች «የለም» ስንት መብት እንደሄደ ልዘርዝርላችሁ። የ1958ቱ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ አንቀጽ 404 ለፍርድ አፈፃፀም የማይያዙ ንብረቶችን ይዘረዝራል፦ ለባለዕዳውና ለቤተሰቡ የሚያስፈልግ ልብስ፣ የማብሰያ ዕቃ፣ አልጋና የአልጋ ልብስ፤ የሙያ መሣሪያ፤ ለገበሬ ፍርድ ቤቱ ለኑሮው ያስፈልጉታል የሚላቸው ከብቶችና ዘር፤ ለ3 ወር የሚበቃ ምግብና ገንዘብ፤ ጡረታና ቀለብ፤ ከደመወዝም ሁለት ሦስተኛው። ሙሉ በሙሉ የማይነካው ደመወዝ በቀን ከ2 ብር ያልበለጠው ነው ይላል። ያ ቁጥር ዛሬ ለማንም አይጠቅምም፤ መለወጥ ከነበረበት ቆይቷል። የሁለት ሦስተኛው ጥበቃ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም በአንድ ጊዜ ከወር ደመወዝ ተቀናሽ የሚሆነው ከአንድ ሦስተኛ እንዳይበልጥ ያግዳል።

ሦስቱም መኪኖች ይድኑ ነበር ወይ? እሱ የሚቀመጥበት አንዱ ያለ ጥርጥር ይድን ነበር። ተቀጣሪ የሚሠራባቸው መኪኖች የሙያ መሣሪያ ናቸው ወይስ የድርጅት ሀብት የሚለው ግን ያከራክራል፤ ውሳኔው የዳኛው ነው። የሚስቱ መኪና ክርክር አያስፈልገውም ነበር፤ ከጋብቻ በፊት የተያዘ ንብረት የግል ነው። ግን በትዳር ውስጥ ያለ ንብረት ሁሉ የጋራ እንደሆነ ሕጉ ስለሚገምት፣ የግል ነው የሚል ማስረዳት አለበት። ደረሰኟን ይዛ በሥነ ሥርዓት ሕጉ አንቀጽ 418 መቃወሚያ ማቅረብ ትችል ነበር። ደንበኞቹም በዚያው አንቀጽ ጨርቃቸውን ማስለቀቅ ይችሉ ነበር።

ከሁሉም የሚቆጨኝ ዋስትናው ራሱ ነው። በ1992 ዓ.ም የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ከ500 ብር በላይ ለሆነ ዕዳ ዋስ ለመሆን የሁለቱን ተጋቢዎች ስምምነት ይጠይቃል። ያልተስማማው ተጋቢ ባወቀ በ6 ወር፣ ቢዘገይ ግዴታው በተገባ በ2 ዓመት ውስጥ እንዲፈርስ መጠየቅ ይችላል። ሚስትየው ስለ ዋስትናው የሰማችው ንብረቱ በተመዘገበ ዕለት ነበር። የሄደችው ግን ወደ ጠበቃ ሳይሆን ገንዘብ ልትለምን ወደ ዘመድ ነው። መኪኖቹ በሐራጅ ተሸጡ።

የዛሬ ወጣት ውል አያነብም። በስልኩ ፎቶ ያነሣና አነበብኩት ይላል። ባንክ ሲያበድራችሁ «ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ነው ያለኝ፤ ቤቴ አይነካም» ትላላችሁ፤ በዚያው ቀን የግል ዋስትና ትፈርማላችሁ። በገዛ ፊርማችሁ በመያዣ የሰጣችሁትን ማሽን አንቀጽ 404 ያድንልኛል ብላችሁ አትቁጠሩ። ያስያዛችሁት ቤት ከሆነ ደግሞ፣ በአዋጅ ቁጥር 97/1990 ባንክ ውሉ ላይ ከተስማማችሁ ቢያንስ የ30 ቀን ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ፍርድ ቤት ሳይሄድ በሐራጅ ይሸጣል። የሐራጅ ሥርዓቱን ጥሶ ጉዳት ካደረሰ ግን ይጠየቃል፤ ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የደረሰበትን ቀን ፖስታው ላይ ጻፉ።

ንብረት በወንድም ስም ማዞርን የሚመክራችሁ አይጠፋም። አበዳሪ ያንን ማስፈረስ ይችላል። ነጋዴ ከሆናችሁና ዕዳው ከአቅም በላይ ከሆነ፣ አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ከመክሰር በፊት ድርጅትን መልሶ የማደራጀት መንገድ ከፍቷል። ለዚያ ግን የተስተካከለ የሂሳብ መዝገብ ያስፈልጋል፤ ካዝናው ባዶ ከሆነ በኋላ ብትመጡ የሚደራጅ ነገር አይገኝም።

ስለ ፎቶ የተናገርኩትን ላርመው፤ ለዚህስ ስልካችሁ ጥሩ ነው። የጠየቅኸኝ ልጅ፣ የመኪናህን የፋብሪካ ቁጥር ዛሬውኑ ፎቶ አንሣ። የግዢ ደረሰኙን ከንግድ ፈቃድህ ጋር አንድ ፋይል ውስጥ አስገባ። የደንበኛ ጨርቅ ስትቀበል ስምና ቀን ያለው ቅጽ አስፈርም። ከሐራጁ ቀን በፊት በቃለ መሐላ የተደገፈ አቤቱታ መዝገብ ቤት አስገብተህ ሽያጩ እንዲታገድ ጠይቅ። ሠራተኛው ዝርዝሩን ሲዘረጋልህ ጎረቤት ቢያይህም ግድ የለም፤ ከፊርማህ በላይ በእጅህ «ይህ መኪና የሙያ መሣሪያዬ ነው፤ በአንቀጽ 404 መሠረት እቃወማለሁ» ብለህ ጻፍ፤ ከዚያ ፈርም።